ካርቱም ለምን ከሔግ ሥልጣን ውጭ ሆነች?

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 የሱዳን ጦርና ፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ውጊያ ሲገጥሙ ካርቱምንም ኤል ጄኔይናንም ያነደደው ያው ጦርነት ነው። የሟቾቻቸው የፍትሕ ዕድል ግን ለየቅል ሆኗል። ኤል ጄኔይና የምዕራብ ዳርፉር ዋና ከተማ በመሆኗ እዚያ የተፈጸመውን ግድያ ሔግ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ይመረምራል። በካርቱም በተፈጸመው ግን፣ ገዳዩ የዚያው የፈጥኖ ደራሽ ኃይል ታጣቂ ቢሆንም፣ ሊከስበት አይችልም።

ፍርድ ቤቱን ያቋቋመው የሮም ስምምነት በመሠረቱ ሥልጣን የሚሰጠው ወንጀሉ በአባል አገር ምድር ሲፈጸም ወይም ተጠርጣሪው የአባል አገር ዜጋ ሲሆን ነው፤ ያውም ከጁላይ 1 ቀን 2002 ወዲህ ለተፈጸመው ብቻ። ሱዳን ስምምነቱን አላጸደቀችም። ስለዚህ በማርች 2005 የዳርፉርን ጉዳይ ወደ ሔግ የመራው የጸጥታው ምክር ቤት ነው፤ 11 አገሮች ደግፈው፣ 4 ድምፀ ተአቅቦ አድርገው። ውሳኔ ቁጥር 1593 የተናገረው ስለ ዳርፉር ብቻ ነበር። ያኔ እልቂቱ እዚያ ስለነበር ወሰኑ ብዙ አላነጋገረም።

ዛሬ በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ከገቡት ስደተኞች መካከል ከካርቱም የሸሹ አሉ። በከተማቸው ስላዩት ግድያ ቢመሰክሩ፣ ቃላቸው ለብቻው በሔግ ክስ ሊያስመሠርት አይችልም። ይህ በእኔ እምነት ሊታረም የሚገባው በደል ነው።

ሥልጣን ባለበትም ቢሆን ፍርድ ቤቱ የራሱ ፖሊስ የለውም። በ2009 እና በ2010 የእስር ማዘዣ የወጣባቸው የቀድሞው የሱዳን ፕሬዚዳንት ኦማር አል በሽር በ2015 ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ በ2017 ወደ ዮርዳኖስ ሄደው በሰላም ተመልሰዋል፤ ሁለቱም አገሮች አባላት ነበሩ። በ2003 እና በ2004 በዳርፉር ለተፈጸመው ግፍ የሚሊሻ መሪው አሊ ኩሻይብ በ27 ክሶች ጥፋተኛ የተባለው በኦክቶበር 2025 ነው፤ እሱም በ2020 እጁን ስለሰጠ።

የተባበሩት መንግሥታት መርማሪ ቡድን በ2024 የፍርድ ቤቱ ሥልጣን ወደ መላው ሱዳን እንዲሰፋ ጠይቋል። ምክር ቤቱ ይህን እንዲወስን አምስቱ ቋሚ አባላት አለመቃወም አለባቸው፤ ከእነሱም አሜሪካ፣ ሩሲያና ቻይና ራሳቸው የፍርድ ቤቱ አባላት አይደሉም። ስለዚህ ግፊቱ ይበልጥ ማረፍ ያለበት በሱዳን መንግሥት ላይ ይመስለኛል። ስምምነቱን ሳያጸድቅ፣ በጽሑፍ በሚሰጠው መግለጫ ብቻ፣ ፍርድ ቤቱ ከጦርነቱ መጀመሪያ አንሥቶ በመላ አገሪቱ የተፈጸመውን፣ የራሱ ጦር የፈጸመውንም ጨምሮ፣ እንዲያይ መፍቀድ ይችላል።