ጥያቄው ከሆሳዕና ሲነሣ

ከአዲስ አበባ በቡታጅራና በወራቤ አድርጎ ሆሳዕና ለመድረስ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ይኬዳል። ከሀዲያ ወይም ከከምባታ አንድ ነርስ ወይም መምህር ለሁለት ቀን ሥልጠና ዋና ከተማ ሲጠራ መንገዱ ሌላ ሁለት ቀን ይወስድበታል። አበሉ፣ መኝታውና ትራንስፖርቱ ከበጀት ይወጣል፤ እሱ በሌለበት ሰሞን ታካሚው ወረፋ ይጠብቃል፣ ተማሪው ያለ መምህር ይውላል። ዌቢናር፣ ማለትም በኢንተርኔት በቀጥታ የሚተላለፍ ትምህርት፣ ይህን ሁሉ ድካም ያስቀራል። ጥቅሙን ለማስረዳት ስለዚህ ብዙ ቃል አያስፈልግም። የሚያከራክረው፣ ከመንገድ የተረፈው ሰው ተምሯል ወይ የሚለው ነው። በእኔ አመለካከት ውጤቱን የሚወስነው አዲስ አበባ ሆኖ የሚናገረው ባለሙያ አይደለም፤ ሆሳዕና፣ ዱራሜ ወይም አንጋጫ ተቀምጠው የሚሰሙት ሰዎች እንዴት እንደተደራጁና ምን ጥያቄ ይዘው እንደገቡ ነው።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ ፕላዝማን ማስታወስ ይበቃል። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው የፕላዝማ ትምህርት በሳተላይት ይሠራጭ ነበር። የዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ፍጥነት፣ በእንግሊዝኛ በመላ አገሪቱ ይሰማል። ሐሳቡ የሚናቅ አልነበረም፤ ቤተ ሙከራ በሌለው ትምህርት ቤት ያለ ተማሪ የኬሚስትሪ ሙከራ በዓይኑ አይቷል። ነገር ግን ስክሪኑ ጥያቄ ይጠይቅና ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ራሱ ይመልሳል። ያልገባው ተማሪ ሊያስቆመው አይችልም፤ መብራት ከጠፋ የዚያ ቀን ትምህርት አለፈ። መምህሩ መግቢያና መደምደሚያው ላይ ጥቂት ደቂቃ ተሰጥቶት በቀረው ጊዜ ከተማሪው እኩል ተመልካች ሆነ። በአገራችን የትምህርት ተመራማሪዎች ጽሑፎች ላይ ደጋግሞ የተነሣው ቅሬታም ይኸው የፍጥነቱና የመምህሩ መገፋት ጉዳይ ነው። ዛሬ ሦስት መቶ ሰው የገባበት፣ የሁሉም ማይክ የተዘጋበት፣ ስላይድ ሲነበብ ቆይቶ በመጨረሻዋ አምስት ደቂቃ “ጥያቄ ካለ” የሚባልበት ዌቢናር ከፕላዝማው የሚለየው በስክሪኑ ማነስ ብቻ ነው።

በመሣሪያው ላይ ብቻ መፍረድም ትክክል አይሆንም። ሮበርት በርናርድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 የርቀት ትምህርትን ከክፍል ትምህርት ጋር ያነጻጸሩ 232 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረው ነበር። በአማካይ የተገኘው ልዩነት ከዜሮ ብዙም አልራቀም። ከአማካዩ ጀርባ ግን ሰፊ መራራቅ አለ፤ አንዳንዱ የርቀት ትምህርት ክፍሉን በብዙ ሲበልጥ ሌላው ክፉኛ ወድቋል። ልዩነቱን የሚያመጣው ተማሪው በትምህርቱ ሰዓት የሚሠራው ሥራ መሆኑን ሌሎች ሙከራዎች ያመለክታሉ። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ሙከራ አንዱ ቡድን አንድን ጽሑፍ ደግሞ አነበበ፤ ሌላው አንዴ ካነበበ በኋላ ያስታወሰውን በወረቀት ላይ አሰፈረ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ከአእምሯቸው አውጥተው የጻፉት 56 በመቶ ሲያስታውሱ፣ ደግመው ያነበቡት 42 በመቶ ላይ ቀሩ። ዌቢናሩ እንዳለቀ የሚሞላው “ሥልጠናው እንዴት ነበር?” የሚል ቅጽ የማያስተማምነውም በዚህ ምክንያት ነው፤ የሚለካው የአምስተኛዋን ደቂቃ ስሜት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ 21 ደቂቃ የሚፈጀውን የቪዲዮ ትምህርት በአራት ከፍሎ በየመሀሉ አጭር ፈተና አስገባ። የተማሪዎቹ ሐሳብ መባዘን በግማሽ ያህል ቀነሰ፤ ማስታወሻ መያዛቸውም ጨመረ።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ የመጣው ግን ከሕክምና ነው። ሳንጂቭ አሮራ የተባሉ የጉበት ሐኪም በአሜሪካዋ ኒው ሜክሲኮ ግዛት ሲሠሩ፣ ከገጠር የሚመጡ የሄፓታይተስ ሲ ሕሙማን እሳቸው ዘንድ ለመድረስ ወራት ይጠብቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ፕሮጀክት ኢኮ የተባለውን አሠራር ጀመሩ። የገጠሩ ሐኪም በቪዲዮ ስብሰባ የራሱን ታካሚ ሁኔታ፣ ስም ሳይጠራ፣ ያቀርባል፤ ስፔሻሊስቱና በሌሎች ጣቢያዎች ያሉ ባልደረቦቹ ይመክሩበታል፤ ሕክምናውን የሚሰጠው እዚያው ያለው ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ጥናት 407 ሕሙማንን ተከታትሎ፣ በዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ 57.5 በመቶ፣ በገጠርና በእስር ቤት ጣቢያዎች 58.2 በመቶ የሚሆኑት ከቫይረሱ እንደጸዱ አሳየ። እዚህ ላይ ጥያቄው የሚነሣው ችግሩ ካለበት ነው፤ መልሱም በማግሥቱ ሥራ ላይ ይውላል። ይህ ለሆሳዕና ባዕድ ነገር ሊሆን አይገባም። በ2004 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ በከተማዋ የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል፣ ከዚያም አልፎ ዱራሜ ላይ ካምፓስ አለው። ለዙሪያው ጤና ጣቢያዎች የምክክሩ ማዕከል እዚያው ሊሆን ይችላል፤ ሁሉም ዌቢናር ከአዲስ አበባ መነሣት የለበትም።

“የአሜሪካ ኢንተርኔትና የእኛ ይለያያል” የሚል መቃወሚያ ይነሣል፤ ልክም ነው። ነገር ግን ስሌቱን እንየው። በሴኮንድ 600 ኪሎቢት የሚወስድ ምስል በሰዓት 270 ሜጋባይት ይበላል። ሃያ ሰው በየስልኩ ቢከታተል 5.4 ጊጋባይት ይደርሳል። እነዚያው ሃያ ሰዎች አንድ አዳራሽ ውስጥ፣ በአንድ መስመርና በአንድ ፕሮጀክተር ቢቀመጡ 270 ሜጋባይቱ ለሁሉም ይበቃል። ምስሉን ትተው ስላይዱን በዋዜማው በቴሌግራም ቢቀበሉና ድምፁን ብቻ በ80 ኪሎቢት ቢከታተሉ ወጪው 36 ሜጋባይት ነው። ስለዚህ አንድ ላይ መሰብሰቡ ለመማርም ለኪስም ያዋጣል። መስመሩ ጨርሶ ሲቋረጥ ግን፣ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ማብቂያ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል እንዳየችው፣ ማንኛውም ዌቢናር ከንቱ ነው። የታተመ መጽሐፍና በአካል የሚገኝ መምህር መቅረት የሌለባቸው ለዚህ ነው።

“ታዲያ ቀርጾ መላክ አይቀልም?” የሚልም አይጠፋም። ይቀላል፤ ግን የመታየቱ ነገር ያጠራጥራል። ኤዴክስ በተባለው የኢንተርኔት ትምህርት መድረክ ላይ 6.9 ሚሊዮን የቪዲዮ ዕይታዎችን የመረመረ ጥናት፣ ቪዲዮው የቱንም ያህል ቢረዝም መካከለኛው ተመልካች ከስድስት ደቂቃ አልፎ እንደማይቆይ አግኝቷል። የእጅ ሙያ ደግሞ ከነጭራሹ ሌላ ነው፤ ማዋለድም ሆነ ቁስል መስፋት በስክሪን አይለመድም፣ ለእሱ የመንገዱ ወጪ መከፈል አለበት። በግልጽ የማይነገረው መቃወሚያ ግን አበል ነው። ደመወዙ አልበቃ ላለው ሠራተኛ ሥልጠና ማለት ተጨማሪ ገቢ ነው፤ ዌቢናር ሲመጣ ያ ገቢ ይቀራል። ይህን እንደ ስግብግብነት መቁጠር ፍትሕ የለውም። ከመንገድና ከሆቴል ከሚተርፈው ገንዘብ ላይ ለዳታና ለተሳትፎ የሚሆን ክፍያ ካልተመደበ፣ ሰው ስሙን አስገብቶ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ትቶ ይወጣል፤ ማንም አይፈርድበትም።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰዎች ሲጨዋወቱ አንዱ ጨርሶ ሌላው እስኪጀምር ያለው ክፍተት 200 ሚሊሴኮንድ ያህል መሆኑን በአሥር ቋንቋዎች ላይ የተደረገ ጥናት አሳይቷል። ኢንተርኔት ድምፅን ከዚያ በላይ ሲያዘገይ ጨዋታው ይደናቀፋል፤ ሁለት ሰው አብሮ ይናገራል፣ ሁለቱም አብረው ዝም ይላሉ። ታላቅን ማቋረጥ ነውር በሆነበት አገር ዝምታው ይብስበታል። መድኃኒቱ ተናጋሪውን በስም የሚጠራ፣ ክፍሉ ውስጥ የተቀመጠ አስተባባሪ ነው። በሀዲይኛ ወይም በከምባትኛ ለሚያስተምር የአንደኛ ደረጃ መምህር ደግሞ ይህ አስተባባሪ የበለጠ ያስፈልገዋል፤ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተነገረውን ነገ ክፍል ውስጥ በምን ቃል እንደሚያስረዳው የሚወያየው ከጎኑ ካለው ባልደረባው ጋር ነው። እናም ዌቢናር የምታዘጋጁ የዞን ትምህርትና ጤና መምሪያዎች፣ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች፦ ለእንግዳው ተናጋሪ ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት የየወረዳውን አስተባባሪ ምረጡ፤ ከየክፍሉም ቢያንስ አንድ እውነተኛ ችግር በጽሑፍ ተቀበሉ። ችግር ያላቀረበ ክፍል ካለ ቀጠሮውን አራዝሙት።