ጭንቅላቱ የተበላ የዲፈረንሻል ዘይት ማፍሰሻ ቡሎን፦ ከጉልበት በፊት ቅደም ተከተል

መግቢያ

ዲፈረንሻል በካርዳን በኩል የሚመጣውን የሞተር ኃይል ለሁለቱ ጎማዎች የሚያከፋፍል፣ ተሽከርካሪው በሚታጠፍበት ጊዜም የውጭኛው ጎማ ከውስጠኛው ፈጥኖ እንዲዞር የሚያስችል የጥርሳ ጥርስ ስብስብ ነው። ጥርሶቹ በከፍተኛ ጫና ውስጥ እርስ በርስ ስለሚንሸራተቱ ዕድሜያቸው የሚወሰነው በመካከላቸው ባለው ስስ የዘይት ንጣፍ ነው። ይህ ዘይት የሚለቀቀው ከዲፈረንሻሉ ቤት ግርጌ በሚገኝ አንድ ቡሎን በኩል ነው። የቡሎኑ ጭንቅላት ተበልቶ ቁልፍ አልይዝ ሲል በጥቂት ደቂቃ ሊያልቅ የሚገባው ሥራ ቀኑን ሙሉ ሊፈጅ ይችላል፤ በትዕግሥት ማጣት የሚወሰድ እርምጃም ቤቱን እስከ መሰንጠቅ ይደርሳል።

ይህ ጽሑፍ የሚያስረዳው የተበላ ቡሎን የጉልበት ማነስ ችግር አለመሆኑን ነው። ችግሩ የሁለት መጠኖች ሚዛን መዛባት ነው፦ አንደኛው ቡሎኑን የያዘው ሰበቃ፣ ሁለተኛው ጭንቅላቱ ሳይላጥ ሊሸከም የሚችለው የማዞር ኃይል ነው። ቁልፉ በተንሸራተተ ቁጥር ሁለተኛው ይቀንሳል፤ የመጀመሪያው ግን ባለበት ይቆያል። ስለዚህ የሙከራዎቹ ቅደም ተከተል ከሙከራዎቹ ብርታት ይበልጣል።

ጭንቅላቱ ለምን ይበላል?

በአንዳንድ የቶዮታ ፒክአፖች ላይ የማፍሰሻው ቡሎን 24 ሚሊሜትር ቁልፍ የሚይዘው ባለ ስድስት ጎን ጭንቅላት አለው፤ በሌሎቹ ላይ ደግሞ 10 ሚሊሜትር ቁልፍ የሚገባበት ባለ ስድስት ጎን ጉድጓድ ነው። ለኋላ ዲፈረንሻል በተለምዶ የሚታዘዘው የማጥበቂያ መጠን 49 ኒውተን ሜትር ነው። ይህ ኃይል በ10 ሚሊሜትሩ ጉድጓድ ስድስት ማዕዘኖች ላይ እኩል ቢከፋፈል እያንዳንዱ ማዕዘን 1,400 ኒውተን ገደማ ይሸከማል። በጉድጓዱ ውስጥ ጭቃ ደርቆ ቁልፉ እስከ ወለሉ ካልገባ ወይም ቁልፉ ራሱ ካረጀ ጫናው በጥቂት ማዕዘኖች ጫፍ ላይ ይከማቻል። ሁለት ማዕዘኖች ብቻ ቢይዙ የእያንዳንዳቸው ድርሻ ከ4,200 ኒውተን ያልፋል፤ ብረቱም ይታጠፋል። ለዚህም ነው በአቧራማና በጭቃማ መንገድ የሚሠሩ ተሽከርካሪዎች ለችግሩ ይበልጥ የሚጋለጡት።

በሌላ በኩል፣ አንድ ቡሎን ሲጠብቅ ከሚውለው የማዞር ኃይል በግምት 10 በመቶው ብቻ ቡሎኑን ወጥሮ ለመያዝ ይውላል፤ 90 በመቶው በጭንቅላቱ ሥርና በጥርሱ ላይ ባለው ሰበቃ ይበላል። ዝገት ሲጨመር ደግሞ ሰበቃው ያድጋል። በቁልፉ ላይ ረጅም ቱቦ አስገብቶ መግፋት ይህን ሰበቃ አይቀንስም፤ በተዳከመው ጭንቅላት ላይ ጫና ይጨምራል እንጂ።

መጀመሪያ የሚፈታው የመሙያው ቡሎን ነው

ማናቸውም ሙከራ ከመጀመሩ በፊት ከላይ በኩል ያለው የዘይት መሙያ ቡሎን መፈታት አለበት። ዘይቱ ከፈሰሰ በኋላ መሙያው አልፈታ ቢል ተሽከርካሪው ያለ ዘይት ባለበት ይቀራል። መሙያው ከተከፈተ ግን ሁኔታው ይለወጣል፤ አሮጌው ዘይት በቀጭን ቱቦና በመምጠጫ በዚያው ቀዳዳ ወጥቶ አዲስ ሊተካ ይችላል። ከግርጌ የሚቀር ጥቂት ዝቃጭ መኖሩ አይቀርም፤ ሆኖም የማያፈስ የተበላ ቡሎን ለጊዜው ባለበት ቢቆይ ዲፈረንሻሉን አይጎዳም። የተሽከርካሪው አገልግሎት በአስቸኳይ የሚፈለግ ከሆነና ተገቢው መሣሪያ ከሌለ ይህ ከሽንፈት የማይቆጠር፣ ተቀባይነት ያለው ውሳኔ ነው።

ሰበቃውን መቀነስ

ቀጣዩ እርምጃ ጉድጓዱን ወይም ጭንቅላቱን በሽቦ ብሩሽ ማጽዳት ነው። ዝገት የሚያላቅቅ ፈሳሽ መርጨት የተለመደ ቢሆንም እዚህ ጥቅሙ ውስን ነው። የጥርሱ ውስጠኛ ጫፍ ቀድሞውኑ በዘይት የራሰ ሲሆን፣ ዝገቱ የሚገኝበትን የውጭውን ክፍል ደግሞ ጭንቅላቱና ጓርኒሲዮኑ ይሸፍኑታል። የተሻለው መንገድ ንዝረት ነው። በቡሎኑ ጭንቅላት መሐል ላይ ወፍራም የብረት ዘንግ አሳርፎ በመዶሻ ደጋግሞ መምታት በጥርሶቹ መካከል የተጋገረውን ዝገት ይሰነጥቃል። ምቱ በቡሎኑ ላይ እንጂ በቤቱ ላይ ማረፍ የለበትም፤ በተለይ ቤቱ ከአሉሚኒየም ወይም ከካስት አይረን የተሠራ ከሆነ የመሰንጠቅ አደጋ አለው።

ሙቀትም ይረዳል። በ18 ሚሊሜትር የብረት ቀዳዳ ዙሪያ ያለው ብረት በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ቀዳዳው በ0.02 ሚሊሜትር ገደማ ይሰፋል፤ በአሉሚኒየም ቤት ደግሞ እጥፍ ያህል። መጠኑ ትንሽ ቢመስልም የዝገትን ትስስር ለመስበር ይበቃል። ይሁን እንጂ ዘይቱ አስቀድሞ በመሙያው በኩል ካልተመጠጠ ነበልባል መጠቀም የእሳት አደጋ ያስከትላል፤ በአቅራቢያ ያሉ የጎማ ዘይት ማገጃዎችንም ያቃጥላል።

አዲስ መያዣ መፍጠር

ሰበቃው ከተቀነሰ በኋላ የማዞር ኃይል የሚያስተላልፍ አዲስ መያዣ ይፈለጋል። ጭንቅላቱ ወደ ውጭ የወጣ ከሆነ ባለ 12 ማዕዘን ሶኬት መቅረት አለበት፤ ባለ ስድስት ማዕዘን ሶኬት ጎኖቹን ስለሚይዝ የቀሩትን ማዕዘኖች ያድናል። ጉድጓዱ ለተበላ ቡሎን ከጉድጓዱ በጥቂቱ የሚሰፋ የኮከብ ቅርጽ ቁልፍ በመዶሻ ይመታበታል፤ ለ10 ሚሊሜትር ጉድጓድ ቁጥር 55 ኮከብ ቁልፍ ይሠራል። የኮከቡ ጫፎች በተላጠው ብረት ውስጥ አዲስ ቦይ ይቀርጻሉ፤ ምቱም ራሱ ዝገቱን ያናውጣል።

ይህም ካልሠራ መሮ በጭንቅላቱ ጠርዝ ላይ በሰያፍ አሳርፎ ወደ መፍቻው አቅጣጫ መምታት ይቻላል። የመጨረሻው አስተማማኝ መንገድ በቡሎኑ ላይ ዳዶ መበየድ ነው። ብየዳው ሁለቱንም መጠኖች በአንድ ጊዜ ያስተካክላል፦ ዳዶው አዲስ ጭንቅላት ይሆናል፤ ቡሎኑም ሞቆ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ከቤቱ ጋር ያለው ትስስር ይላላል። በዚህ ጊዜ ባትሪው መነቀል፣ የብየዳው መሬት ሽቦም ከቡሎኑ አጠገብ መታሰር ይኖርበታል፤ አለዚያ የኤሌክትሪክ ፍሰቱ በኩሽኔታዎቹ በኩል አልፎ ያበላሻቸዋል። ቡሎኑን መሰርሰር ሁሉም ካልተሳካ ብቻ የሚደረግ ነው፤ ፍቅፋቂው ወደ ውስጥ ይገባልና።

ከተፈታ በኋላ

የቤቱ ጥርስ መመርመርና መጽዳት አለበት። ፍቅፋቂ ገብቶ ከሆነ በጥቂት ዘይት ማጠብ ያስፈልጋል፤ ማግኔት የብረቱን ፍቅፋቂ ይሰበስባል፣ የአሉሚኒየሙን ግን አይስብም። የተበላው ቡሎን መመለስ የለበትም። አዲስ ቡሎን ከአዲስ ጓርኒሲዮን ጋር ገብቶ በመለኪያ ቁልፍ፣ በአምራቹ መመሪያ ልክ ይጠብቃል። ዘይቱም ከመሙያው ቀዳዳ ታችኛ ከንፈር እስኪደርስ ይሞላል። ጉድጓድ ያለው ቡሎን ከሆነ ጉድጓዱን በወፍራም ግሪስ መሙላት ጭቃ እንዳይደርቅበት ያደርጋል፤ በሚቀጥለው የዘይት ቅያሬ ቁልፉ እስከ ወለሉ የሚገባው በዚህ ነው።