ጤና ኮሌጅ ለመግባት ያሰባችሁ፦ በሬው ከመሸጡ በፊት ይህን አንብቡ



ሰሞኑን ከሐራ አንድ ወጣት በውስጥ መስመር እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «ዶክተር፣ የ12ኛ ክፍል ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ አላስገባኝም። ቤተሰቦቼ በሬ ሸጠው በግል ኮሌጅ ላብራቶሪ ሊያስተምሩኝ ነው። ያዋጣኛል ወይስ ብራችን ሜዳ ላይ ይቀራል?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ብቻህን እንዳልሆንክ እወቅ። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ወደ ጥያቄህ ስመጣ፣ ሙያው ትልቅ ሙያ ነው። ለምን? አንድ ሰው ከቆላ ትኩሳትና ብርድ ብርድ እያለው ጤና ጣቢያ መጣ እንበል። እኔ ወባ ነው ብዬ ልጠረጥር እችላለሁ፤ የትኛው ወባ እንደሆነ የሚነግረኝ ግን የላብራቶሪ ባለሙያው ነው። ከጣቱ ጠብታ ደም ወስዶ፣ ስላይድ ላይ ቀብቶ፣ በጊምሳ አቅልሞ በማይክሮስኮፕ ያያል። ፋልሲፓረም ከሆነ በፍጥነት ሊገድል ስለሚችል ኮአርተም ቶሎ ይጀመራል። ቫይቫክስ ከሆነ ደግሞ ክሎሮኪን ይሰጣል፤ ጉበት ውስጥ ተደብቆ እንዳያገረሽ ፕሪማኩዊን ይጨመርበታል። እሱ ከተሳሳተ እኔም እሳሳታለሁ፤ የሚጎዳው ግን ታማሚው ነው።

የአገራችን ጤና የቆመውም በሐኪም ብቻ አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን በቡድን እንዲሠሩ ያሠለጥን ነበር። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽንም የተሸከሙት ከ10ኛ ክፍል በኋላ ለአንድ ዓመት የሠለጠኑ እህቶቻችን ናቸው።

ሙያው ትልቅ ነው ማለት ግን ኮሌጁ ሁሉ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ስለዚህ አንድ ብር ሳትከፍል እነዚህን አረጋግጥ፦

👉 ዕውቅና፦ «ኮሌጁ ዕውቅና አለው» ቢሉህ አይበቃም። ፈቃድ የሚሰጠው በትምህርት ክፍልና በካምፓስ ነው። የነርሲንግ ፈቃድ ለላብራቶሪ አይሆንም፤ የአንዱ ከተማ ቅርንጫፍ ፈቃድም ለሌላው አይሠራም። ወረቀቱን በዓይንህ እይ።

👉 ተግባር፦ ቤተ ሙከራውን አሳዩኝ በል። አንድ ማይክሮስኮፕ ለስንት ተማሪ ነው? አፓረንት የምትወጣው የት ሆስፒታል ነው? ስላይድ ሳይነካ የተመረቀ ልጅ ወባን አይለይም።

👉 ሲኦሲ፦ ምዘናውን ካላለፍክ ዲፕሎማው ብቻውን የሙያ ፈቃድ አያሰጥህም። የአምናዎቹን ተመራቂዎች ፈልገህ ስንቶቻችሁ አለፋችሁ ብለህ ጠይቅ።

👉 ሥራ፦ መርሳ ሄደህ የሐብሩ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤትን የትኛው ባለሙያ እንደሚያስፈልጋቸው ጠይቅ። የወልዲያንም እንደዚሁ።

ወደ ግል ከመሄድህ በፊት ደግሞ እንደ ደሴ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ያሉ የመንግሥት ተቋማትን ማስታወቂያ ተከታተል።

እነዚህን አጣርተህ ሁሉም ከተሟላ ግባ፤ በርትተህም ተማር። አንዱ ከጎደለ ግን በሬው ቤቱ ይቆይ፤ ዘንድሮ ያላረሰ ለከርሞ ያርሳል።

ለተመዝጋቢ ልጆችና ለወላጆች ሼር አድርጉላቸው።