አንድ ፎጣ ለስምንት ፊት

«እግርና እግርም ይጋጫል» ይላሉ አበው። የአንድ ሰው የሆኑትና ወደ አንድ ስፍራ የሚሄዱት ሁለት እግሮች መጋጨታቸው ካልቀረ፣ በአንድ ጣራ ሥር የሚያድሩ ሰባትና ስምንት ሰዎች አልፎ አልፎ ቢጋጩ የሚያስገርም ነገር የለውም። የሚያስገርመው የሚጋጩበት ምክንያት ነው። በአርባ ምንጭ ከተማ፣ በሴቻም ሆነ በሲቀላ፣ ማለዳ ከየቤቱ የሚወጣውን ክርክር ልብ ብሎ ያደመጠ ሰው፣ ጠቡ ስለ መሬት ወይም ስለ ውርስ አለመሆኑን ይረዳል። ጠቡ ስለ ፎጣ ነው፤ ስለ ጋቢ ነው፤ መስኮቱን ማን ከፈተው፣ ጄሪካኑን ማን ባዶ አደረገው፣ አጎበሩን ማን ገልጦት ሄደ በማለት ነው።

እነዚህ ነገሮች ከሩቅ ሲያዩአቸው ለሣቅ የሚሆኑ ናቸው። የጤና ጥበቃ ሠራተኛ ግን በሌላ ጆሮ ይሰማቸዋል። ባለቤት የሌለው ዕቃ፣ ቦታ ያልተወሰነለት ነገርና ተራ ያልወጣለት ሥራ ጠብን እንደሚያመጡ ሁሉ፣ በሽታንም ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው የሚያሸጋግሩት እነዚሁ ናቸውና። ጠብና በሽታ በቤት ውስጥ የሚመላለሱት በአንድ መንገድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በመጀመሪያ የፎጣውን ነገር እንመልከት። በብዙ ቤት ከበር ኋላ በአንድ ምስማር ላይ አንድ ፎጣ ተንጠልጥሎ ይገኛል። አባት ለሥራ ስለሚቸኩሉ ቀድመው ፊታቸውን ይጠርጉበታል፤ ቀጥሎ ታላቁ ልጅ፣ ከእርሱም ቀጥሎ እኅቱ፣ ከዚያም ከገጠር ለትምህርት የመጣው የአጎት ልጅ ይጠርጉበታል። የሕፃኑ ተራ እስኪደርስ ድረስ ፎጣው ርሶና ቀዝቅዞ፣ ከሚያደርቀው ይልቅ የሚያረጥበው ይበልጣል። ሕፃኑ «እማዬ፣ ይህ ፎጣ ርጥብ ነው፤ ይሸታል» ብሎ ቢያመለክት፣ «አንተ ልጅ፣ ምን ያሞላቅቅሃል? የአባትህን ፊት የጠረገ ፎጣ ለአንተ ምን አነሰህ?» የሚል መልስ ያገኛል።

በዚህ ክርክር እውነቱ ያለው ከሕፃኑ ጋር ነው። ትራኮማ የተባለው የዐይን በሽታ ከታመመ ሰው ዐይንና አፍንጫ በሚወጣው ፈሳሽ አማካይነት በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ይተላለፋል። በሽታው ይልቁንም በሕፃናት ላይ ይበዛል። አንድ ሰው በልጅነቱ ደጋግሞ ከታመመ፣ የላይኛው ቆብ ውስጡ ይጠባሰስና ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ የዐይኑን ብሌን ይፍቀዋል፤ ፍጻሜውም ዕውርነት ነው። በዓለም ላይ በተላላፊነት ከሚመጡት የዕውርነት ምክንያቶች ዋነኛው ይህ በሽታ ሲሆን፣ አገራችን ኢትዮጵያም ከባድ ሸክም ካለባቸው አገሮች አንዷ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ ሴቶች ከሕፃናት ጋር ዘወትር ስለሚውሉ በትራኮማ ምክንያት የሚታወሩት ከወንዶች እስከ 4 ጊዜ ይበልጣል። እንግዲህ ልጇን ስለ ፎጣው የተቈጣችው እናት፣ በዚያ ፎጣ ብርሃኗን ልታጣ የምትችለው ራሷ መሆኗን ብታውቅ ኖሮ፣ ያን ዕለት ሌላ ፎጣ ለመግዛት ገበያ በወጣች ነበር።

ከፎጣው ቀጥሎ ክርክር የሚያስነሣው ጋቢ ነው። በዶርዜ ሸማኔዎች እጅ የተሠራ ጋቢ በጋሞ አገር የቤት ክብር ነው። ክብር ስለሆነም ሁሉም ይፈልገዋል፤ አጎት ለቅሶ ይደርሱበታል፤ ታላቅ ወንድም ሌሊት ይለብሰዋል፤ እንግዳ ሲመጣም ይከናነበዋል። ባለቤቱ ሲፈልገው ግን አያገኘውም። ባለቤቱ ቢያጉረመርም «ሥሥታም» ይባላል። ነገር ግን የልብስ ቅማል በጨርቅ ስፌትና እጥፋት ውስጥ ተሰውራ ከሰው ወደ ሰው በልብስ እንደምትሻገር፣ ተስቦንና ግርሻንም እንደምታስተላልፍ መዘንጋት አይገባም። ጋቢ ለሌላ ሰው ሲዋስ በደስታ ይሰጥ፤ ሲመለስ ግን በፈላ ውሃ ይታጠብ። ይህ ሥሥት አይደለም።

አርባ ምንጭ በቈላ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ስለሆነች፣ ከሁሉ የከፋው የሌሊቱ ጠብ ነው። በአንድ አጎበር ሥር ሦስት ልጆች ይተኛሉ። አንደኛው ይራገጣል፤ ሁለተኛው እግሩን አውጥቶ ያድራል፤ ሦስተኛው ወደ ደጅ ሲወጣ አጎበሩን እንደ መጋረጃ ገልጦት ይሄዳል። የወባ ትንኝም በተከፈተላት በር ገብታ፣ ማን እንደ ከፈተው ሳትጠይቅ ከሁሉም ድርሻዋን ትወስዳለች። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ ጥቅምት 2024 ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል። ስለዚህ «አጎበሩን ክደን!» እያለች ሌሊቱን ሙሉ የምትጮኸው እኅት እንቅልፍ ብትነሣም፣ የምትጠብቀው የቤቱን ሁሉ ሕይወት ነው።

በዚህ ረገድ ከእንግዳ አቀባበላችን ጋር የተያያዘ አንድ ጭንቅ አለ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ ከወረደ ወዲህ፣ ብዙ የከተማው ቤተ ሰብ በደጋ ዘመድ አለው። ጨንቻ በመንገድ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅም፣ 2,700 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ወባ እንደ ቈላው አይበዛባትም። ከዚያ የሚወርደው አያት ወይም አጎት ሰውነቱ ወባን ያልለመደ በመሆኑ በሽታው ይበረታበታል፤ አጎበር ለእርሱም ያስፈልገዋል። ነገር ግን አልጋው ለእንግዳው ሲለቀቅ አጎበሩም አብሮ ይሄድና፣ ነፍሰ ጡሯ ምራትና የአንድ ዓመቱ ሕፃን መሬት ላይ ያለ አጎበር ያድራሉ። ደንቡ ለ2 ሰው 1 አጎበር ነው። ያልበቃ እንደሆነ ቅድሚያው ለነፍሰ ጡርና ለሕፃናት ይሁን። ይህን ከነገሩአቸው የማይስማሙ አያት አይገኙም።

የመስኮቱም ክርክር ዳኛ የሚሻ ነው። እማማ «ብርድ ይመታኛል» ብለው ይዘጉታል፤ ተማሪው «ሙቀት ገደለኝ» ብሎ ይከፍተዋል፤ እናት ደግሞ «ትንኝ ታስገባለህ» ብላ ትቈጣለች። እንደ እውነቱ ከሆነ ሦስቱም አልተሳሳቱም፤ የጐደለው ሰዓት መወሰን ብቻ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ያለበት ሰው ሲያስል ረቂቁ ጀርም በአየር ላይ ይንሳፈፋል፤ በተዘጋ ክፍልም ለብዙ ሰዓት ይቈያል። ስለዚህ ቀን መስኮት ይከፈት፤ እማማም ነፋሱ በማያገኛቸው ጥግ ይቀመጡ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይዘጋ፤ ዐቅም የፈቀደለት ሰው ደግሞ ወንፊት ሽቦ ያብጅለት። ከ2 ሳምንት በላይ የሚያስል ሰው በቤት ውስጥ ካለ ግን፣ ክርክሩን ትቶ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል።

ወደ ደጋው ወጣ ስንል ደግሞ ሌላ ዐይነት የጋራ ኑሮ እናገኛለን። የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ እንደ ቅርጫት የሚሠራ፣ አዲስ ሲሆንም ቁመቱ 12 ሜትር ያህል ሊደርስ የሚችል ድንቅ ሥራ ነው። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው እየተቈረጠ ዝቅ ይላል፤ ሲያስፈልግም ጐረቤት ተሰብስቦ ተሸክሞ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል። ከብቱም ከሰው ጋር በዚያው ቤት በተከፈለለት ስፍራ ያድራል። ሌሊት የሚያመነዥክ በሬ ከሚያንኮራፋ አጎት ይሻላል ወይስ ይብሳል የሚለውን ለባለቤቶቹ እንተወዋለን። ጤናን የሚመለከተው ግን የእሳቱ ጢስ ነው፤ በቤት ውስጥ የሚጨስ ጢስ ሕፃናትን በሳንባ ምች የመያዝ ዕድላቸውን ሁለት እጥፍ ያህል እንደሚያደርሰው ታውቋል። ምድጃውን ለብቻ ማድረግ፣ ሕፃንም ታዝሎ ከጢስ ላይ እንዳይውል መጠንቀቅ፣ የከብቱን እበት ማለዳ ጠርጎ ማውጣት ያስፈልጋል።

እንግዲህ ለቤተ ሰብ ሰላምና ጤና የሚበጁት ሥራዎች ጥቂቶች ናቸው።

1ኛ፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ምስማርና አንድ ትንሽ ፎጣ ይኑረው። ፎጣ ካልተገኘ ከአሮጌ ነጠላ ተቀድዶ የተቀመቀመ ንጹሕ ጨርቅ ይበቃል። የጥርስ ቡሩሽና ሚዶም እንዲሁ።

2ኛ፤ ስሟ በ40 ምንጮች በተጠራ ከተማ በአንድ ጄሪካን መጣላት አይገባምና፣ ውሃ የመቅዳትና የመሙላት ተራ ይጻፍ። የመጠጥ ውሃ ክዳን ይኑረው፤ እጅ አይግባበት፤ ሳሙናም ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ አይጥፋ።

3ኛ፤ በየምሽቱ አጎበሩን ከፍራሹ ሥር የሚያስገባ አንድ ሰው በተራ ይመረጥ። አጎበር ሲታጠብ በጥላ ሥር ይድረቅ፤ ፀሐይ መድኃኒቱን ያደክመዋል።

ክቡራን መምህራን፣ ይህን ትምህርት ወደ ቤት የሚያደርሱት ተማሪዎቻችሁ ናቸው። ሕፃን «ፎጣው ርጥብ ነው» ብሎ ሲናገር ቅብጥ ተብሎ እንዳይቈጡት፣ ምክንያቱን ለወላጆቹ በአክብሮት የሚያስረዳበትን ቃል አስተምሩት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጠብ ከቤት ፈጽሞ ይጠፋል አንልም። ሬዲዮኑን ከፍ የሚያደርገው ከፍ ማድረጉን፣ አጎትም ማንኮራፋታቸውን አይተዉም፤ ለእነዚህ ጤና ጥበቃ እስካሁን መድኃኒት አላገኘም። ስለ ፎጣ፣ ስለ መስኮትና ስለ አጎበር በቤቱ ውስጥ አብዝቶ የሚያጉረመርመውን ሰው ግን ነዝናዛ ከማለታችን በፊት የሚለውን እናድምጥ፤ የቤታችን ዘበኛ እርሱ ሊሆን ይችላልና።