ስክሪፕቱ ሰርቨሩን አላምንም ሲል

ደብረ ታቦር ላይ የሆስፒታል ወይም የኮሌጅ ሰርቨሮችን የሚይዝ ባለሙያ፣ ሌሊት ባክአፕ የሚወስድ ስክሪፕት ጽፎ ሲያስጀምር ሥራው ገና ከመነሻው ሊቆም ይችላል። ስህተቱ «ሰርተፊኬቱ በራሱ የተፈረመ ነው» ይላል። ቶሎ የሚገኘው መፍትሔ ምርመራውን ማጥፋት ነው፤ በከርል «ዳሽ ኬ» መጨመር፣ በፓይተን «ቬሪፋይ»ን «ፎልስ» ማድረግ። ስክሪፕቱም ይሠራል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ።

በራሱ የተፈረመ ሰርተፊኬት፣ ሰው መታወቂያውን ራሱ ጽፎ ራሱ ማህተም እንደመታበት ነው። ሐሰት ነው ማለት አይደለም፤ የሚመሰክርለት ሌላ አካል የለም ማለት ነው። ምርመራው ሲጠፋ ግንኙነቱ እንደተመሰጠረ ይቀጥላል፤ በወዲያኛው ጫፍ ያለው ማን እንደሆነ ግን የሚያጣራ የለም። ኔትወርኩ ውስጥ የገባ ሰው ሰርቨሩን መስሎ መሃል ላይ ቢቆም፣ ስክሪፕቱ የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል ራሱ ያስረክበዋል። ያ የይለፍ ቃል ደግሞ የሁሉም ነገር ቁልፍ ነው።

ሰርተፊኬቱ ለምን ከታወቀ ሰጪ አይወሰድም? ሌትስ ኢንክሪፕት በነፃ ይሰጣል፤ ነገር ግን እንደ 192.168.1.10 ላለ የውስጥ አድራሻ የትኛውም የታወቀ ሰጪ ሰርተፊኬት አይሰጥም። ስለዚህ አዲስ የተተከለ ሰርቨር ብዙ ጊዜ በራሱ የፈረመውን ይዞ ይነሳል።

ትክክለኛው መንገድ ያንኑ ሰርተፊኬት ለስክሪፕቱ ማስተዋወቅ ነው። መጀመሪያ ሰርቨሩ ፊት ተቀምጣችሁ፣ ከራሱ ስክሪን ላይ የሰርተፊኬቱን የጣት አሻራ አንብቡ፤ በሻ 256 ሲሰላ 64 ፊደልና ቁጥር ነው። በኔትወርክ ካወረዳችሁት ፋይል አሻራ ጋር እስከ መጨረሻው አስተያዩት። ከገጠመ ፋይሉን አስቀምጡና በ«ቬሪፋይ» ላይ «ፎልስ» ከማለት ይልቅ የፋይሉን አድራሻ ስጡት። ስክሪፕቱ ሰርቨሩን የሚጠራበት ስም ወይም አይፒ ሰርተፊኬቱ ውስጥ ካልተጻፈ ግን አሁንም እንቢ ይላል፤ ያን ጊዜ ትክክለኛውን ስም ይዞ እንደገና ማውጣት ነው።

አንድ ነገር እኛን በተለይ ይመለከተናል፦ ዘመን አቆጣጠር። የሰርተፊኬት ቀን በፈረንጆች አቆጣጠርና በዓለም አቀፍ ሰዓት ነው የሚጻፈው። መብራት ሲሄድ፣ የማዘርቦርድ ባትሪው ያለቀ ማሽን ሰዓቱ ይጠፋበታል። አንዱ መጥቶ ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ቢሞላው፣ ማሽኑ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ስለሚሄድ ደህናውን ሰርተፊኬት «ጊዜው ገና ነው» ብሎ ይመልሰዋል። ሰርተፊኬቱን ከመንካታችሁ በፊት ስክሪፕቱ የሚሮጥበትን ማሽን ሰዓት እዩ፤ በኤን ቲ ፒ ሰዓቱን እንዲያስተካክልም አድርጉት።

ሰርቨሮቹ ሲበዙ አንድ በአንድ ማስተዋወቅ ያደክማል። ያኔ ተቋሙ የራሱን ሥር ሰርተፊኬት አውጥቶ ሌሎቹን በእሱ ይፈርማል፤ ስክሪፕቶቹ የሚያውቁት ሥሩን ብቻ ይሆናል። በአገር ደረጃም የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 የሥር ሰጪነቱን ሥልጣን ለኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ተቋሙ ለኢንሳ የሰጠው በዚሁ አሠራር ነው። የተቋሙን ሥር የግል ቁልፍ ከኔትወርክ ውጭ፣ የተቆለፈ ቦታ አኑሩት።