መንገዱ የሚቋረጥባቸው ቦታዎች

በአዲስ አበባ ከሚደረጉ ጉዞዎች ከግማሽ በላይ፣ 54 በመቶ ያህሉ፣ በእግር የሚደረጉ ናቸው። ቁጥሩ በከተማዋ የትራንስፖርት ሰነዶች ውስጥ ለዓመታት ሲጠቀስ ቆይቷል። ታክሲ ተራ ለመድረስም ሆነ ከታክሲ ወርዶ ሥራ ለመግባት፣ ልጅ ትምህርት ቤት ለማድረስም ሆነ ጤና ጣቢያ ለመሄድ መራመድ የግድ ነው። መንገዶች ሲታቀዱ ግን ለረጅም ዘመን ቅድሚያ የሚሰጠው ለመኪናው ነበር፤ ለእግረኛው የሚደርሰው ከአስፋልቱና ከቦዩ የተረፈው ነው። ጉልበት ያለው ጎልማሳ በዚያ ትራፊ መሬት ላይ እየዘለለም እየተጋፋም ያልፋል። በዊልቸር የምትሄድ ተማሪ፣ በነጭ በትር የሚመራ ሠራተኛ፣ ከዘራ የያዙ አዛውንት ግን ከቤት ለመውጣት የሚወስኑት እዚያ መሬት ላይ ምን እንደሚጠብቃቸው አስበው ነው።

ይህ በሕግ እጦት የመጣ ችግር አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በሚፈቅደው መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲደግፍ ያዛል፤ “አቅም” የሚለው ቃል ግን ለብዙ ሰበብ በር ይከፍታል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 አንቀጽ 36 ከዚህ የጠበቀ ድንጋጌ አስቀመጠ። ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል ማንኛውም ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚጠቀሙም፣ መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት ለሚያቅታቸውም የሚሆን መግቢያ ሊኖረው ይገባል፤ ለእነሱ የሚመቹ መጸዳጃ ቤቶችም በበቂ ቁጥር መዘጋጀት አለባቸው። በተከታዩ ዓመት ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጸደቀች። የስምምነቱ አንቀጽ 9 ከሕንፃ አልፎ መንገድንና ትራንስፖርትን ይጨምራል። ስምምነቱ በአንቀጽ 2 ሁለንተናዊ ዲዛይን የሚባለውንም ይተረጉማል፦ ኋላ ማስተካከያ ሳያስፈልገው በተቻለ መጠን ሰው ሁሉ እንዲጠቀምበት ከመጀመሪያው ታስቦ የተሠራ ነገር ማለት ነው።

ጉዳዩ የጥቂቶች መስሎ የቆየበት አንዱ ምክንያት አቆጣጠሩ ነው። በ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ አካል ጉዳተኛ ተብለው የተመዘገቡት ከ805 ሺህ ጥቂት የሚበልጡ፣ ማለትም ከሕዝቡ አንድ በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ሪፖርት ላይ ደግሞ ለኢትዮጵያ የሰፈረው ግምት 17.6 በመቶ ነው። ይህን ያህል ልዩነት የሚፈጥረው በዋናነት የጥያቄው አቀራረብ ነው። “እዚህ ቤት አካል ጉዳተኛ አለ?” ተብሎ የተጠየቀ አባወራ አንዳንዴ በእፍረት፣ አንዳንዴም የእናቱን የዓይን መድከም እንደ ጉዳት ስለማይቆጥረው “የለም” ይላል። ለማየት፣ ለመስማት፣ ደረጃ ለመውጣት ምን ያህል ትቸገራለህ ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልሱ ይለወጣል። በመጀመሪያው ቁጥር የሚያቅድ መሐንዲስ ራምፕን እንደ ችሮታ ማየቱ አይገርምም።

ችሮታ አለመሆኑን ለማየት ወደ ሌሎች አገሮች ታሪክ መለስ ማለት ይጠቅማል። በካሊፎርኒያዋ በርክሌይ ከተማ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ኤድ ሮበርትስና በዊልቸር የሚሄዱ የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቹ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ በየመስቀለኛው ዝቅ እንዲልላቸው ከተማውን ወጥረው ያዙ። ጠርዙ ዝቅ ሲል ግን ሕፃን በጋሪ የሚገፉ ወላጆች፣ ዕቃ የሚያመላልሱ ሠራተኞችና ሻንጣ ጎታቾች ሁሉ በዚያው መንጎድ ጀመሩ። መርካቶ ውስጥ ጋሪ የሚገፉ ወጣቶች ጭነታቸውን ከአስፋልት ወደ እግረኛ መንገድ ለማውጣት ለሁለት ለሦስት ሲታገሉ ያየ ሰው የዚያ ዝቅ ያለ ጠርዝ ዋጋ ወዲያው ይገባዋል።

አሁን በአዲስ አበባ የእግረኛ መንገዶች ላይ የሚታየው ቢጫ ንጣፍም የራሱ ታሪክ አለው። የፈጠረው ጃፓናዊው ሴይቺ ሚያኬ ነው፤ መጀመሪያ የተነጠፈውም እ.ኤ.አ. መጋቢት 1967 ኦካያማ ከተማ፣ ከዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አጠገብ ነው። ቋንቋው ቀላል ነው። ረዣዥሞቹ መስመሮች “ቀጥል” ይላሉ፤ ክብ እብጠቶቹ “ቁም፣ ከፊትህ ማቋረጫ ወይም ደረጃ አለ” ይላሉ። በትሩ ወይም የጫማው ሶል ያነበዋል።

በ2016 የተጀመረው የኮሪደር ልማት ይህን ንጣፍ ከዚህ ቀደም ባልታየ ስፋት ወደ ከተማዋ አስገብቷል። ከፒያሳ፣ ከአራት ኪሎ፣ ከሜክሲኮ፣ ከመገናኛ የሚነሱት መንገዶች ሰፋፊ የእግረኛ መሄጃ፣ የብስክሌት መስመር፣ መቀመጫና መብራት አግኝተዋል። ይህ እውነተኛ ለውጥ ነው፤ ቀድሞ ክፍት ማንሆል እያለፈ፣ በእግረኛ መንገድ ላይ የቆመ መኪና እየዞረ ወደ አስፋልት ይወርድ ለነበረ ዓይነ ስውር ልዩነቱ የሕይወት ጉዳይ ነው። ይሁንና ንጣፉ እንደ ጌጥ ሲታይ ቋንቋው ይበላሻል። መስመሩ ከምሰሶ ወይም ከአበባ መደብ ጋር ከተላተመ፣ ወይም ያለ ማስጠንቀቂያ እብጠት መንገድ ዳር ላይ ካለቀ፣ በትሩ ያነበበው ሐሰት ይሆናል። ተራ ንጣፍ ላይ የሚሄድ ዓይነ ስውር ይጠነቀቃል፤ ቢጫውን ያመነ ግን ፍጥነቱን ይጨምራል።

የሕንፃ ራምፖችም ተመሳሳይ ችግር አለባቸው፤ እዚህ ላይ ስሌት መሥራት ያስፈልጋል። የተለመደው ዓለም አቀፍ መለኪያ 1 ለ12 ነው፦ ለእያንዳንዱ ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት። በር ላይ ሦስት ደረጃ ቢኖርና እያንዳንዱ 15 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ከፍታው 45 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የሚያስፈልገው ራምፕ 5 ሜትር ከ40 ይሆናል። ሕንፃው አልቆ፣ ከበሩ እስከ እግረኛ መንገዱ የቀረው ሜትር ተኩል ብቻ ሲሆን ምን ይደረጋል? ሜትር ተኩሏ ላይ ራምፕ ይለጠፋል፤ ዳገቱ ከመለኪያው ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። ላዩ የሚያንሸራትት ሴራሚክ ይለብሳል። በክረምት በዚያ ላይ ብቻውን ዊልቸር ገፍቶ የሚወጣ ሰው የለም። ለተቆጣጣሪው ግን ራምፕ “አለ”።

ቀላል ባቡሩ ችግሩን ከሌላ አቅጣጫ ያሳያል። በመስከረም 2008 ሥራ የጀመረው ይህ መስመር 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመትና 39 ጣቢያዎች አሉት። የፉርጎዎቹ ወለል አብዛኛው ክፍል ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ መድረኩ ላይ ለደረሰ የዊልቸር ተጠቃሚ ከሚኒባስ እጅግ ይሻላል፤ ሚኒባስ ውስጥ ለመግባት የሰው ክንድ፣ ለታጠፈው ዊልቸር ደግሞ ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ሒሳብ ያስፈልጋል። ችግሩ መድረኩ ላይ መድረሱ ነው። ከፍ ብለው በተሠሩት ጣቢያዎች አሳንሰር ከቆመ የሚቀረው ደረጃ ብቻ ነው። ሐዲዱ መሬት ለመሬት በሚሄድበት ቦታ ደግሞ አጥሩ ሰፈርን ከሰፈር ለይቶ፣ ማዶ ለመሻገር ረጅም ዙሪያ ጥምጥም ያስኬዳል። ጉልበት ያለው አጥሩን ይዘላል፤ የሌለው ይዞራል፤ መዞርም የማይችለው እቤቱ ይቀራል።

እነዚህን ሁሉ የሚያያይዛቸው ነገር አለ። የከተማ ጉዞ ሰንሰለት ነው፤ የሚበጠሰውም ብዙውን ጊዜ አንዱ ባለቤት ጨርሶ ሌላው በሚጀምርበት መጋጠሚያ ላይ ነው። ሕንፃው የባለንብረቱ ነው፤ የእግረኛ መንገዱ የመንገድ መሥሪያ ቤቱ፤ ምሰሶው የመብራት፤ ማንሆሉ የውሃ ወይም የቴሌ። ሁሉም የየድርሻውን በዕቅዱ መሠረት አሠርቶ ሊረከብ ይችላል፤ ከበሩ እስከ ታክሲው ያለውን ጉዞ እንዳለ የሚረከብ ግን የለም። ኬብል ለመቅበር ንጣፉን የቆፈረ ሠራተኛ መልሶ ሲደፍን ቢጫውን መስመር በቦታውና በአቅጣጫው እንዲመልስ የሚጠይቀው ማነው? ራምፑ ሥር አሸዋና ጠጠር ሲከመርስ?

የኮሪደር ሥራው አሁን ከአዲስ አበባ አልፎ እንደ ባሕር ዳር፣ ጎንደርና ሐዋሳ ወዳሉ ከተሞች ተዛምቷል። በእነዚህ ቦታዎች ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት ጠርዙን ዝቅ ማድረግ የሚጠይቀው በአብዛኛው በሥዕሉ ላይ አንድ መስመር ማስተካከል ነው፤ ከደረቀ በኋላ ግን መስበር፣ ማንሳትና እንደገና መክፈል ይመጣል። የከተማው የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት አባላት በዊልቸራቸውና በበትራቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደውበት ያልፈረሙበት መንገድ ከተቋራጩ ባይረከብ፣ አብዛኛው ስህተት ክፍያው ሳይለቀቅ ይታረማል። ለዚህ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ በርክክብ ቅጹ ላይ አንድ የፊርማ ቦታ መጨመር ይበቃል።