«ሜጋሊት»፦ የቃሉ ትርጉምና አጠቃቀም

በጌዴኦ ዞን፥ ከዲላ ከተማ ብዙም ሳይርቅ፥ ጨልባ ቱቱቲና ቱቱ ፈላ የሚባሉ ስፍራዎች አሉ። በእነዚህ ስፍራዎች የጥንት ሰዎች ጠርበው ያቆሟቸው በመቶ የሚቆጠሩ ድንጋዮች ይገኛሉ። አንዳንዶቹ እንደ ቆሙ ናቸው፤ ብዙዎቹ ግን ወድቀዋል ወይም ተሰብረዋል። ስለ እነርሱ የተጻፈውን ስታነቡ «ሜጋሊት» የሚል ቃል ታገኛላችሁ። ቃሉ ምን ማለት ነው? በድርሰታችንስ እንዴት እንጠቀምበት?

ሀ. አመጣጡ

«ሜጋሊት» ከሁለት የግሪክ ቃላት የተዋቀረ ጥምር ቃል ነው። «ሜጋስ» ታላቅ፥ «ሊቶስ» ደግሞ ድንጋይ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ጥምር ቃሉን ያበጁት ጥንታውያን ግሪኮች ሳይሆኑ በ19ኛው መቶ ዓመት የነበሩ የአውሮፓ ሊቃውንት ናቸው። «ሊቶስ» በሌሎች ቃላትም ውስጥ ይገኛል፤ «ሞኖሊት» አንድ ወጥ ድንጋይ፥ «ኒዮሊቲክ» አዲሱ የድንጋይ ዘመን ማለት ነው። አንዱን ሥር ያወቀ ብዙ ቃላትን ይፈታል።

ለ. ትርጉሙ

ሜጋሊት ሰው ለመቃብር፥ ለመታሰቢያ ወይም ለሥርዓት ያቆመው ወይም ያነባበረው ግዙፍ ድንጋይ ነው። ስለዚህ በተፈጥሮ የተቀመጠ ቋጥኝ የቱንም ያህል ቢገዝፍ ሜጋሊት አይባልም።

«ትክል ድንጋይ» ከሚለው የአማርኛ ስም ጋር ያለውንም ልዩነት ልብ በሉ። «ትክል» ተከለ ከሚለው ግስ የወጣ ስለ ሆነ የድንጋዩን መቆም ይነግረናል፤ «ሜጋሊት» ግን ግዝፈቱን ይነግረናል። ለጌዴኦ ድንጋዮች ሁለቱም ስሞች ይስማማሉ። በጨርጨር ተራሮች የሚገኙት ዶልመኖች ግን ጠፍጣፋ ድንጋይ በሌሎች ድንጋዮች ላይ ተጭኖ የተሠሩ በመሆናቸው ሜጋሊት እንጂ ትክል ድንጋይ አይባሉም። በላሊበላ ከአንድ አለት የተፈለፈለው ቤተ ጊዮርጊስ ደግሞ ሞኖሊት ይባላል።

ሐ. አጠቃቀሙ

ቃሉ እንደ ማንኛውም የአማርኛ ስም ይረባል፤ ሜጋሊቱ፥ ሜጋሊቶች፥ የሜጋሊት ይባላል። «ሜጋሊት ድንጋይ» ማለት ግን ድንጋይን ሁለት ጊዜ መጥራት ነው።

ስሕተት፦ በቱቱ ፈላ ብዙ ሜጋሊት ድንጋዮች አሉ።
ትክክል፦ በቱቱ ፈላ ብዙ ሜጋሊቶች አሉ።

ደግሞም ቃሉ ዕውቀትን አይተካም። ስሙ ግዝፈትን እንጂ ማን፥ መቼና ለምን እንዳቆመው አይገልጽም። የቱቱ ፈላ ድንጋዮች የመቃብር ምልክቶች መሆናቸውን ያሳየው ስሙ ሳይሆን ቁፋሮ ነው። ስለዚህ ቃሉን ስትጽፉ የድንጋዩን ስፍራ፥ ቅርጽና አገልግሎት ጨምራችሁ ግለጹ።

የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ትክል ድንጋዮቹን ጨምሮ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። «አሮጌ ድንጋይ» ብቻ ተብሎ የሚጠራን ነገር ግን ሰው ፈልጦ ለቤት መሠረት ቢያደርገው አይጸጸትም። ነገርን በትክክለኛ ስሙ መጥራት የመጠበቁ መጀመሪያ ነው።

መልመጃ

1. «ሜጋሊት»፥ «ሞኖሊት» እና «ትክል ድንጋይ» የሚሉትን ስሞች በየዓረፍተ ነገሩ አግቡ።
2. በአካባቢያችሁ ስላለ አንድ ጥንታዊ ሥራ ስሙን፥ ቅርጹንና አገልግሎቱን የሚገልጽ አንድ አንቀጽ ጻፉ።